ፊርማዬን አይቶ ልጁን የሰጠ አባት

ይህ ነገር የደረሰው የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ተጀምሮ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አለቀ። እስከዛሬ ያልጻፍኩት ፈርቼ አይደለም፤ ስጽፈው የራሴን ድርሻ እዘለዋለሁ ብዬ ራሴን ስላላመንኩት ነው። አሁን ሳልዘል ልሞክር።

ያኔ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት ነበርኩ። ስሜ ሰላማዊት ነው፤ መካኒሳ አቦ ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። ሥራዬ የግል ትምህርት ቤቶችን እየዞርኩ ማየትና ፈቃድ ይሰጣቸው ወይም ይታደስላቸው ብሎ መፈረም ነበር። መሥሪያ ቤቱን በስም አልጠራውም፤ የማወራው ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ቼክ ሊስቴን ይዤ እሄዳለሁ፤ ክፍሉን፣ አልጋውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ወጥ ቤቱን፣ የመምህራኑን የትምህርት ማስረጃ አይቼ ነጥብ እሞላለሁ። ነጥቡ ከበቃ እፈርማለሁ። ጉቦ ተቀብዬ አላውቅም፤ የሰው ጉዳይ አጓትቼም አላውቅም። ይህ ብቻ የሚበቃ ይመስለኝ ነበር።

አብረውኝ የሚወጡት ጋሽ ግርማ ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው፣ የተጠየቁትን ብቻ የሚመልሱ ሰው ናቸው። አምስት ዓመት አብረን ስንሠራ ስለ ቤታቸው የማውቀው ሁለት ሴት ልጆች እንዳሏቸው ብቻ ነበር።

ከምንቆጣጠራቸው አንዱ ላፍቶ ውስጥ የሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። የሚቀበለው ወላጆቻቸውን ያስቸገሩ ወንድ ልጆችን ነበር፤ ጫትና ሲጋራ የጀመሩ፣ ከቤት የሚጠፉ፣ ከሌላ ትምህርት ቤት የተባረሩ። ባለቤቱም ዳይሬክተሩም አቶ ሳምሶን ይባላል። ያኔ አንቱ ነበር የምለው፤ አሁን ስጽፍ ግን አንቱታው አልመጣልኝም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለፈቃዱ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሰዓት ቆየሁ። ሃያ አራት አልጋ፣ ንጹሕ አንሶላ፣ ተሰልፈው በአንድ ድምፅ ሰላም ያሉኝ ሃያ አራት ልጆች አየሁ። ምሳ ቀረበልኝ፤ ሥነ ምግባር መስሎኝ አልበላሁም። ፈረምኩ።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰው ቢሮዬ ገቡ። የሥራ ልብሳቸው ላይ የእንጨት ብናኝ አለ። አቶ ዘነበ እንደሚባሉ፣ የሆሳዕና ተወላጅ እንደሆኑ፣ ላፍቶ ውስጥ በአናጢነት እንደሚሠሩ ነገሩኝ። ከዚያ የታጠፈ ፎቶ ኮፒ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። የዚያ ትምህርት ቤት ፈቃድ ነው።

«ይቺ ፊርማ የእርስዎ ናት?» አሉኝ።

«አዎ፣ የእኔ ናት።»

«እኔም ይቺን አይቼ ነው ልጄን ያስገባሁት።»

ልጃቸው ናትናኤል አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ከክፉ ጓደኞች ጋር ገጥሞ ከቤት ውጭ ማደር ሲያበዛ፣ እናቱ አልቅሳ፣ እሳቸው መክረው ሲያቅታቸው ወሰዱት። ከገባ አምስት ወሩ ነው። መጀመሪያ ላይ እሁድ እሁድ ያዩት ነበር። በኋላ ግን «ልዩ የለውጥ ፕሮግራም ጀምሯል፤ ወላጅ ካየ ይበላሽበታል» ተባሉና መጎብኘት ቀረ። በየአሥራ አምስት ቀኑ በስልክ ብቻ ያገናኟቸዋል።

«በስልክ ታዲያ ምን ይላል?»

«ደህና ነኝ ይላል። አባዬ ደህና ነኝ፣ በርትቼ እየተማርኩ ነው፣ እማዬን ሰላም በልልኝ ይላል።»

«ጥሩ ነው እኮ፣ አቶ ዘነበ።»

ወደ መሬት አዩ። «የኔ እህት፣ ልጄ ይንተባተባል። አፉን ከፈታ ጀምሮ ነው። አባዬ ለማለት የመጀመሪያዋን ፊደል አራት አምስቴ ይደጋግማታል። በስልክ የሚያናግረኝ ልጅ ግን አንድም ቃል ላይ አይንተባተብም።»

እሳቸው ቀጠሉ።

«መጀመሪያ ደስ ብሎን ነበር። ጌታ ፈወሰልን ብለን ቸርች ውስጥ ቆመን መስክረናል፤ ሕዝቡ እልል ብሏል። በሦስተኛው ጊዜ ባለቤቴ ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ የስልኩን አፍ በእጇ ሸፈነችና፣ "ዘነበ፣ ይሄ ልጅ ማነው?" አለችኝ።»

እዚህ ጋ ሳልዘል ልናገር ያልኩት አንዱ ነገር አለ። በመጀመሪያ ያደረግኩት ሰውየውን ማሳመን ነው። ጎረምሳ ሲሆን ድምፅ ይለወጣል፣ የንግግር ሕክምና አግኝቶ ይሆናል፣ ስልክ ድምፅ ያበላሻል አልኳቸው። ከልጁ ይልቅ ፊርማዬን ነበር የምከላከለው። አቶ ዘነበ ሁሉንም በትዕግሥት ሰምተው፣ «እኔን ከበር ይመልሱኛል። እርስዎን ግን መመለስ አይችሉም» ብለው ወጡ።

ለጋሽ ግርማ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ፊቴን አዩኝ። «ነገ እንሂድ» አሉ። «ለማንም አትንገሪ።» መኪና እንዲያዝልን እንደ ወትሮው የመስክ ፕሮግራሙን ሞልቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ረቡዕ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ሹፌራችን ክላክስ ሳይነፋ በሩ ተከፈተ። አቶ ሳምሶን ሙሉ ልብስ ለብሶ ደረጃው ላይ ቆሟል። ወለሉ ገና አልደረቀም።

«ሦስት ሰዓት ላይ ነበር የጠበቅኳችሁ» አለ እየሳቀ። «መንገዱ አስቸገራችሁ?»

መምጣታችንን የምናውቀው እኔና ጋሽ ግርማ ነን። እኔ አልተናገርኩም።

ዞርን። አልጋው ሃያ አራት ነው፤ ልጆቹ ሃያ ሦስት። ናትናኤል ዘነበን እንዲጠሩልኝ ጠየቅኩ።

«ወይኔ፣ ዛሬ ጥርሱን አሞት ክሊኒክ ሄደ። አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ቢሆን ታገኙት ነበር» አለ ሳምሶን። መዝገቡን ገልጦ አሳየኝ፤ ስሙ አለ፤ በየቀኑ ተገኝቷል የሚል ምልክት አለበት።

ከልጆቹ አንዱን «ናትናኤልን ታውቀዋለህ?» አልኩት። ልጁ ከመመለሱ በፊት ወደ ሳምሶን አየ። «አዎ፣ ጎበዝ ልጅ ነው።»

«አልጋው የቱ ነው?»

ልጁ በመስኮቱ በኩል ያለውን አመለከተ። በዚያው ቅጽበት ከኋላው የቆመው ሌላ ልጅ እጁን ወደ በሩ ጥግ ዘርግቶ ነበር። ሁለቱም እጃቸውን ቶሎ መለሱ። ሳምሶን ሳል ጀመረው።

ወጥ ቤት ገባሁ። ወጥ ሠሪዋ ሦስት ትልልቅ ባለ ክዳን ባልዲዎች ውስጥ ወጥና እንጀራ እያሰናዳች ነው። በጓሮው በር በኩል አንድ ባጃጅ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል። «ይሄ ለማን ነው?» አልኳት። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ ክዳኑን መጫን ያዘች። «ለችግረኞች እናካፍላለን» አለ ሳምሶን ከኋላዬ። «ስለማንናገር ነው እንጂ።» ቢባል የማይታመን ነገር አይደለም። ቼክ ሊስቱ ላይ ስለሚወጣ ምግብ የሚጠይቅ ሳጥን ደግሞ የለም።

ዞር ስል ጋሽ ግርማ አጠገቤ የሉም። በመስኮት ሳይ ግቢው ጥግ ቆመው በስልክ ዝግ ብለው ያወራሉ። እኔን ሲያዩ ዘጉት።

መኪና ውስጥ ገባን። መሥሪያ ቤት ልንደርስ ስንል፣ «ምን አየሽ?» አሉኝ።

«ምንም» አልኳቸው። «እርስዎስ?»

«እኔም ምንም።»

ያን ቀን ከሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ አምስቱን ዓመት በሙሉ ወደ ኋላ ተመልሼ መረመርኩ። ጋሽ ግርማ ብቻቸውን የሄዱባቸው ቦታዎች፣ ያለፉ ትምህርት ቤቶች፣ ጉብኝት ላይ የማይጽፉት ነገር፣ ዝምታቸው። ዝም የሚል ሰው ለመጠርጠር እንዴት እንደሚመች ያኔ ነው ያየሁት፤ ባዶ ቦታውን በፈለግሽው ትሞዪዋለሽ። ለአለቃዬም ልናገር አልኩና ተውኩት። እሱንም ጠረጠርኩ።

ሐሙስ አሞኛል ብዬ ቀረሁና ለአቶ ዘነበ ደወልኩላቸው። ከትምህርት ቤቱ ጓሮ በር ትይዩ ካለች ሻይ ቤት ተቀመጥን። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ሁለተኛ አዘዝን፤ እሱም ቀዘቀዘ። አቶ ዘነበ እጃቸውን ጭናቸው መካከል አድርገው በሩን ብቻ ያያሉ። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ባጃጁ ወጣ። ሦስቱ ባልዲዎች ከኋላ ይታያሉ።

እኛም ባጃጅ ይዘን ተከተልን። ኮንዶሚኒየሞቹን አለፍን፤ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንች ሆነ። ቀድሞ እርሻ የነበረ፣ ገና ያልተሠራበት ባዶ ቦታ ጀመረ። ባጃጁ በረጅም ቆርቆሮ የታጠረ አንድ ግቢ በር ላይ ቆመ፤ ባልዲዎቹን ጥበቃው ተቀበለ፤ በሩ ተዘጋ። እኛ ራቅ ብለን ወረድን።

ከግቢው አጠገብ የላም በረት አለ። በረቱ አጥር ላይ ተደግፈው ከአንድ ሽማግሌ ጋር የሚያወሩትን ሰው ሳይ ባለሁበት ቆምኩ። ጋሽ ግርማ ናቸው።

እሳቸውም አዩኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ድንጋጤ የተያዘ ሰው ድንጋጤ መሰለኝ። አቶ ዘነበን በክንዳቸው ያዝኳቸው፤ «ወደ ኋላ እንመለስ» ልላቸው ነበር። ጋሽ ግርማ ግን ወደ እኛ መጡ።

«ሰላማዊት፣ አሞሻል አልተባለም?» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ አለበት።

«እርስዎስ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ትናንት ከሥራ ስወጣ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሼ የባጃጁን ሹፌር አነጋገርኩት። ምግቡን የት ነው የምታደርሰው አልኩት። ነገረኝ። አንቺስ ማን ነገረሽ? ሳምሶን ነው የላከሽ?»

«እኔን? ሳምሶን?»

ቆመን ተያየን። አቶ ዘነበ በመካከላችን ገብተው፣ «እኔ ነኝ ያመጣኋት። ልጄን ፍለጋ ነው» አሉ። ጋሽ ግርማ ያን ጊዜ ትከሻቸው ወረደ።

ሽማግሌው አባባ ቶላ ይባላሉ። አካባቢው ሁሉ ማሳ በነበረበት ጊዜ የተወለዱ፣ አሁን በቀረቻቸው ቁራጭ መሬት ላይ ላም እያለቡ ወተት የሚሸጡ ሰው ናቸው። ስለ ግቢው ጠየቅናቸው።

«የታመሙ ልጆች ናቸው አሉን» አሉ። «እኔ ሰባት ልጅ አሳድጌያለሁ። የታመመ ልጅ ያቃስታል፣ ይነጫነጫል፣ እናቱን ይጠራል። እዚህ ግን ድምፅ የለም። እንደዚህ ያለ ዝምታ ከልጅ አይመጣም።»

«እንግባ» አሉ አቶ ዘነበ።

«አንችልም» አልኩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ግን ያልኩት ይህን ነው። «ይህ ግቢ መዝገባችን ላይ የለም። ፈቃድ የሌለውን ቤት የመፈተሽ ሥልጣን የለንም።» የሕጉን ቀዳዳ የሠራው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሳምሶን ግን በዚያ በኩል ነበር የገባው። ፈቃድ ያለውን ቤት እኛ እናያለን። የሌለውን ማንም አያየውም።

ጋሽ ግርማ ትንሽ አሰቡና ኮታቸውን ቆለፉ። «ፈቃድ ከሌለው ፈቃድ ልንሰጠው መጥተናል» ብለው በሩን አንኳኩ።

ጥበቃው በሩን ገርበብ አደረገ። ጋሽ ግርማ መታወቂያቸውን አሳዩት። «ከፈቃድ ክፍል ነን። ለማስፋፊያው ቅድመ ጉብኝት ነው።»

«አቶ ሳምሶን አልነገሩኝም።»

«ትናንት ከሳቸው ጋር ነበርን፤ ደውለህ ጠይቃቸው። ግን ቶሎ በል፤ ዛሬ ካላየነው የሚቀጥለው ዓመት ነው። ያኔ አንተ ነህ የምትጠየቀው።»

ሰውየው ስልኩን አወጣ፤ ከዚያ ወደ እኔ ቼክ ሊስት አየ። ከቤት ስወጣ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ እጄ ለምዶ ነው። በሩን ከፈተልን።

ግቢው ውስጥ አንድ መጋዘን አለ። መስኮቶቹ ላይ ቆርቆሮ ተመትቷል። በመግቢያው ላይ በቁልፍ የተዘጋ የሽቦ ሳጥን ውስጥ የልጆች ጫማ ተከምሯል። «እንዳይጠፉ ነው» አለን ጥበቃው፣ የሚያስመሰግን ነገር እንደሚያስጎበኝ ሰው። በሩን ገፋው።

አሥራ ሦስት ልጆች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠዋል። በሩ ሲከፈትና ብርሃን ሲገባ አንዳቸውም አልዞሩም። «ልጆች» አልኩ። አልዞሩም።

«መዞር አይፈቀድላቸውም» አለ ጥበቃው። «አጥፍተው ነው እዚህ የመጡት።»

በሕይወቴ ብዙ ክፍል አይቻለሁ። የክፍል ስፋት፣ የመስኮት ብዛት፣ የመብራት ሁኔታ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ያን ቀን እስክሪብቶዬ እጄ ላይ ነበር፤ የምጽፍበት ቦታ ግን አጣሁ።

አቶ ዘነበ ከኋላዬ መጡና ቀስ ብለው፣ «ናቲ» አሉ።

ማንም አልዞረም። ከግድግዳው ጥግ ሁለተኛው ልጅ ጀርባው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «አ... አ... አ...» ማለት ጀመረ፤ ቃሉ አልወጣ አለው። አባትየው ቃሉ እስኪያልቅ አልጠበቁም። ሄደው ከኋላው ተንበርክከው አቀፉት። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲለቀው ሲጸልዩለት የኖሩትን መንተባተብ ጆሯቸውን አስጠግተው ሲሰሙ አየኋቸው። «ቀስ በል ልጄ» ይላሉ፤ «ቀስ ብለህ በለው፤ ጊዜ አለን።»

ጋሽ ግርማ ፖሊስ ጠሩ። ጥበቃው በሩን ሊዘጋብን ቢሞክርም አባባ ቶላ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር መጥተው መግቢያው ላይ ቆሙ። ፖሊሶቹ እስኪመጡ ድረስ ከልጆቹ አምስቱ ብቻ ናቸው ከግድግዳው የዞሩት። የቀሩትን አንድ በአንድ እየተቀመጥን ማግባባት ነበረብን።

በኋላ እንደተጣራው ሳምሶን ለሃያ አራት ልጅ ፈቃድ ይዞ ሠላሳ ስድስት ተቀብሏል። ለመጥፋት የሞከረ፣ መልስ የሰጠ፣ ለወላጁ የማይሆን ነገር ሊናገር ይችላል የተባለ ልጅ ወደ ሁለተኛው ግቢ ይወሰዳል። ናትናኤል የተወሰደው አንዱ ጓደኛው ሲመታ አይቶ ለአባቴ እናገራለሁ በማለቱ ነው። ፈቃዱ ተሰረዘ፤ ሳምሶን ተከሶ ተፈረደበት። ለሠላሳ ስድስቱም ወላጆች ሲያሳይ የነበረው ያችኑ ወረቀት ነው። የእኔን።

መምጣታችንን ማን እንደነገረውም ታወቀ። ማንም አልነገረውም። የመስክ ፕሮግራማችን በየዕለቱ ኮሪደሩ ላይ ባለው ሰሌዳ ይለጠፋል፤ የሱ ሠራተኛ እየመጣ በስልኩ ፎቶ ያነሳው ነበር። ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት፣ የትምህርት ቤቱ ስም፣ ሁሉም በእኔ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎ ነበር። «ለማንም አትንገሪ» ተብዬ በገዛ እጄ ሞልቼ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ልጆቹ ለፖሊስ ቃል በሰጡበት ቀን፣ አቶ ዘነበን በስልክ ያናግር የነበረውንም ልጅ አገኘሁት። ቢንያም ይባላል፤ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ያን ዕለት የናትናኤልን አልጋ ያመለከተኝ የመጀመሪያው ልጅ እሱ ነበር። የሚያምር፣ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ለአምስት ቤተሰብ እየተቀያየረ ልጃቸው ሆኖ ያወራ ነበር። ለምን እንዳደረገው ሳልጠይቀው ራሱ ነገረኝ።

«ካላወራሁ እዛኛው ግቢ እሄዳለሁ። ደግሞ እናቶቹ ደህና ነኝ ስላቸው ደስ ይላቸዋል፤ የኔ ጌታ፣ የኔ ልጅ ይሉኛል። ለኔ የሚደውል ስለሌለ...» ብሎ አቀረቀረ። ከዚያ፣ «ውሸቴ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል?» አለኝ። አጎቱ ከብዙ ሳምንት በኋላ መጥቶ ወሰደው።

ጋሽ ግርማ ጡረታ በወጡበት ሳምንት ሻይ ጋበዝኳቸው። «ረቡዕ ዕለት እርስዎን ጠርጥሬ ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

ስኳሩን እያማሰሉ ቆዩ። «እኔ አንቺን ማክሰኞ ነው የጠረጠርኩሽ። ፊርማው ያንቺ ነበር፤ ነገሩን ስትነግሪኝም ፊትሽ ልክ አልነበረም። ነገ እንሂድ ያልኩሽ የቱን ትተሽ የቱን እንደምታዪ ላይ ብዬ ነው።»

«ግቢው ውስጥ ደግሞ በስልክ ሲያወሩ...»

«ልጄ ናት። ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ነበር።» ፈገግ አሉ። «ሁለታችንም አጠፋን፤ ግን ባንጠራጠር ኖሮ ሁለታችንም እዚያ አንገናኝም ነበር።»

ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሎ የምታዩት ፈቃድ፣ አንዲት የማታውቋት ሴት ቀድሞ በተነገረ ቀን ለሁለት ሰዓት ያየችውን ነው የሚነግራችሁ። ከመምጣቷ በፊት ማን ከቤት እንደወጣ አይነግራችሁም። ልጃችሁ አስቸግሮ፣ ደክሟችሁ፣ አፍራችሁ ሊሆን ይችላል የሰጣችሁት፤ አልፈርድባችሁም። ግን ዛሬ ልየው ስትሉ ነገ ከተባላችሁ፣ ነገን አትጠብቁ። ጆሯችሁ ይሄ ልጄ አይደለም ካላችሁ ጆሯችሁን እመኑት። የአቶ ዘነበ ሚስት ያመነችው ጆሮዋን ነው፤ እኔ የያዝኩት ወረቀት ሁሉ ተደምሮ የእሷን ያህል አላወቀም።

በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ እዚያው ሥራ ላይ ነኝ። ፕሮግራም ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ቀርቷል። አሁንም እፈርማለሁ፤ ግን ልጆቹን ዳይሬክተሩ በሌለበት አናግሬ፣ የጎደለው የት እንዳለ ሄጄ አይቼ፣ ከዚያም ባልጠበቁኝ ቀን ተመልሼ ነው። ስለዚህ ብዙ ዳይሬክተሮች አይወዱኝም። «ይቺ ሴትዮ ሰው አታምንም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።